የጠፉ መስመሮች የት ይሄዳሉ?

ከምሠራበት ስቴሽነሪ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሦስት ኮምፒውተሮች አሉን። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ግን አንድ አንድ ብቻ ነው ያለን። ይህን የሚያዩ ደንበኞች መጀመሪያ ይገረማሉ፣ ቀጥለው ያዝኑልናል። አንድ አስተማሪ እንዲያውም ሦስት ወንድማማቾች በአንድ ጫማ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ይመስላል ብለውናል።

ድሮ ሦስቱም የየራሳቸው ስክሪን ነበራቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ በኃይል ተመለሰና ሁለቱ ስክሪኖች ከዚያ ወዲህ አልበሩም። የሱቁ ባለቤት፣ ጋሼ የምንለው፣ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ ስክሪን ይዞ ይመጣል ብለን ጠበቅን። እሱ ግን ከደብተርና ከእስክሪብቶ ካርቶኖች መሀል አንዲት ጥቁር ሳጥን አወጣ። የልብስ ሳሙና ታክላለች። ከኋላዋ የገመድ መሰኪያዎች፣ ከፊቷ አንድ ቁልፍና ሦስት ትናንሽ መብራቶች አሏት። በአንድ የተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ያገለገለች ስለሆነች ያለ መመሪያ ነው የመጣችው። ሦስቱን ኮምፒውተሮች በአንድ ወገን፣ የተረፈንን ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ በሌላ ወገን ሰካባት። ቁልፉን ሲጫነው ሳጥኗ ጠቅ አለች፤ ስክሪኑ ጠቆረና ሌላ ኮምፒውተር ይዞ ተመለሰ።

"ማርሽ በሏት" አለን። "አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ነዳጅ ግን አትጠጣም።"

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወደ ሌላው ኮምፒውተር መሄድ በእኛ ቤት ማርሽ መቀየር ተባለ።

ሦስት ኮምፒውተር ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። የመጀመሪያው አሮጌ ነው። አማርኛ የሚተየበው እሱ ላይ ነው፤ ትልቁ ፕሪንተርም ከእሱ በቀር ለማንም አይታዘዝም። ሽማግሌው እንለዋለን። ሁለተኛዋ አዲስ ስለሆነች ልጅቷ ናት፤ የወላይትኛ ጽሑፍና የጥሪ ካርድ የሚሠራው እሷ ላይ ነው። ሦስተኛው ኬላው ነው። ሰው በፍላሽ ይዞ የሚመጣው ፋይል ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይፈተሻል፤ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ያለው የሶዶ ቫይረስ ሁሉ በፍላሽ ተሳፍሮ ነውና የሚመጣው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የዕፅዋት ሳይንስ ነው። እዚህ የገባሁት በሙያዬ ሥራ እስካገኝ ብዬ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ የጀርባዋ ክፍል ተስማማችኝ። ሳጥኗ ከመጣች በኋላ ደግሞ የማስበው ነገር አገኘሁ። ወደ ልጅቷ ስሄድ ሽማግሌው ምን ይሆናል? አይጠፋም፤ ማራገቢያው ይሰማል፣ ፕሪንተሩም ማተሙን አያቆምም። እኔ ግን አላየውም፤ እሱም ጣቴን አያውቀውም። ስመለስ ጠቋሚዋ ጭረት ትቻት በሄድኩበት ቃል ጫፍ ላይ ብልጭ ድርግም ስትል አገኛታለሁ። ገበያ ላይ ከአንዷ ጋር በወላይትኛ ስከራከር አማርኛዬ የት እንደሚቀመጥም እንዲሁ አላውቅም። ስፈልገው ግን ካቆምኩበት ይቀጥላል።

ዋናዋ ታይፒስት እኔ አይደለሁም፤ አዬ ናቸው። በእኛ ዘንድ አዬ እናት ማለት ነው፤ በእናት ዕድሜ ያሉትን ሁሉ እንጠራበታለን። አዬ መተየብ የተማሩት በወጣትነታቸው በብረቱ የጽሕፈት መኪና ነው። የጋሼ አባት ከስልጤ መጥተው ሱቁን ከከፈቱ ጀምሮ እዚሁ ናቸው፤ ጋሼን በልጅነቱ ከመደርደሪያው ላይ ካራሜላ ሲሰርቅ ያዩት ስለሆኑ አንተ ነው የሚሉት። ሲተይቡ ዐይናቸው ከወረቀቱ አይነቀልም። እኔ ስክሪኑን እያየሁ ነው የምተይበው፤ ይህን ሲያዩ ሁልጊዜ ይስቁብኛል። "ወጥ ስትሠሪ ድስቱን ነው ወይስ እሳቱን የምታዪው?" ይሉኛል። የቱ ድስት የቱ እሳት እንደሆነ ግን ነግረውኝ አያውቁም።

ሳጥኗ ከመጣች ወዲህ አንድ ችግር ተፈጥሮ ነበር። አልፎ አልፎ ማርሿ ማንም ሳይነካት ትቀየራለች። አዬ ሽማግሌው ላይ አማርኛ እየተየቡ ቀና ሲሉ ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅቷ ናት። ተነጫንጨው ቁልፉን እየተጫኑ ወደ ሽማግሌው ይመለሳሉ፤ ተየብኩ ያሉት መስመር እዚያ የለም፤ እንደገና ይተይቡታል። ጉዳዩ በዚሁ ያልቃል። የጠፋው መስመር የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጋሼ መብራቱ ነው ይላል፤ እኔ ገመዱ ላልቶ ነው እላለሁ፤ አዬ የተዘጋ ቤት ዕቃ መግዛት ደግ አይደለም ይላሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከጉኑኖ አንድ ትልቅ ሰው መጡ። ባለፈው ሳምንት የሠርግ ፕሮግራም አሠርተውን የሄዱ የሙሽራዋ አጎት ናቸው። ፕሮግራሙ በወላይትኛ የተጻፈ ባለ አንድ ወረቀት ሲሆን መዝሙሩና ጸሎቱ፣ ቃል ኪዳኑና ምርቃቱ በተራ የሰፈረበት ነው። ሰውዬው ወረቀቱን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና አንድ መስመር በጣታቸው አሳዩን። ከዚያ የሆነውን ነገሩን።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። የሙሽራዋ አባት የልጃቸውን እጅ ይዘው ለሙሽራው ሰጡ። ፕሮግራም መሪው ወጣት ቀጣዩን ከወረቀቱ ማንበብ ጀመረ። በወላይትኛ ዜማ፣ ደምቆ፣ እንዲህ ሲል አነበበ፦ ከነሙሉ መለዋወጫው ለገዢ አስረክቤያለሁ። ሽማግሌዎቹ የድሮ፣ የጠለቀ ወላይትኛ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አማርኛ መሆኑ ቀድሞ የገባቸው ከበሩ አጠገብ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው።

"እኛ ልጅ ዳርን እንጂ ባጃጅ አልሸጥንም" አሉ አጎትየው። መቆጣት አስበው ነበር የመጡት፤ ፊታቸው ግን አልታዘዛቸውም። "አማቻችን ደግሞ ቤት ከገባን ጀምሮ መለዋወጫው ገና አልደረሰኝም እያለ ያስቸግረናል።"

አዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ጋሼ ብቻ አልሳቀም። ይቅርታ ጠየቀ፤ ሻይ አስመጣላቸው፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኛቸው። ሲመለስ በሩ ላይ ቆመና ረጋ ብሎ ተናገረ።

"አዬ፣ ዐይንዎ ደክሟል። እስከ ወሩ መጨረሻ ይሥሩ፤ ከዚያ በኋላ ትየባውን ልጅቷ ትያዘው። እርስዎ ከፊት ተቀምጠው ደብተር ይሸጡልኛል። ደመወዝዎ ያው ነው።"

ልጅቷ ያለው እኔን ነው።

አዬ እሺ ብቻ አሉ። ጋሼ ከወጣ በኋላ ኪቦርዱን በነጠላቸው ጫፍ አንድ በአንድ ጠረጉት። ከዚያ እኔን ሳያዩ ተናገሩ።

"እናቴ መጀመሪያ የረሳችው ጨው ያስቀመጠችበትን ነበር። ሳቅንባት። በኋላ ከብቶቹን ረሳች። በመጨረሻ እኔን።" የነጠላቸውን ጫፍ አራገፉ። "የባጃጅ ውል ሠርግ ወረቀት ላይ ጽፌ ካላስታወስኩ፣ ጀምሮኛል ማለት ነው።"

ዐይናቸው ደክሞ ከሆነ መነጽር አለ። እሳቸው የፈሩት ግን ዐይናቸውን አልነበረም። እኔ ደግሞ በአፌ ማጽናናት አልችልበትም። ስለዚህ ወረቀቱን አንሥቼ ማየት ጀመርኩ።

ወላይትኛ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ያቺ መስመርም በላቲን ፊደል የተጻፈች ስለሆነች በሩቁ ሲያዩአት ከእኅቶቿ አትለይም። እኔ ከማተማችን በፊት አይቻት ነበር፤ ጋሼም አይቷታል፤ አጎትየውም አይተው ደህና ነው ብለዋል። የሁላችንም ዐይን አልፏታል። ቀስ ብዬ ሳነባት ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። መለዋወጫው በሚለው ቃል መሀል አንድ ትልቅ ሲ ተቀምጧል። በወላይትኛ ትልቅ ፊደል ቃል መሀል አይገባም። በአማርኛ መተየቢያችን ግን ትንሹን ሲ ስትነኪ ቸ፣ ትልቁን ሲ ስትነኪ ጨ ይመጣል። ቲም እንዲሁ ነው፤ ትንሹ ተ፣ ትልቁ ጠ ነው። ስለዚህ ይህን የተየበው ሰው ወላይትኛ ሊጽፍ አልነበረም። አማርኛ እየጻፈ ነበር፤ ጨን በትክክል ጽፏል። አማርኛው የሌለባት ልጅቷ ግን የመጣላትን በላቲን ተቀበለችው።

ፕሮግራሙን በሠራንበት ዕለት የሆነውን አስታወስኩ። አዬ ልጅቷ ላይ የሠርጉን ፕሮግራም እያረሙ ሳለ አንድ የዲምቱ ሰውዬ የባጃጅ ሽያጭ ውል ይዞ እየተጣደፈ መጣ። አዬ ፕሮግራሙን ክፍት ትተው ወደ ሽማግሌው ማርሽ ቀየሩና ውሉን ጀመሩ። ሰውዬው መሀል ላይ በወላይትኛ አቋርጧቸው እንደገና ሲጀምሩ ሳጥኗ ዘለለች፤ ተነጫነጩ፤ ተመለሱ፤ አንድ መስመር ጠፍቶባቸው እንደገና ተየቡት።

የጠፋው መስመር ወዴት እንደሄደ አሁን አወቅሁ። ጠፍቶ አያውቅም። ፕሮግራሙ ላይ፣ ጠቋሚዋ ጭረት በቆመችበት፣ ከአባትየው ቃል ኪዳን ሥር ሄዶ ተቀምጧል። ሌሎቹስ እስካሁን ጠፉ ያልናቸው የት ናቸው? በዚያው ቀን ልጅቷ ላይ ያሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፈትኩ። በአንድ የጎዳሬ አተካከል መመሪያ መሀል የልደት ምስክር ወረቀት ማመልከቻ ራስጌ አገኘሁ። በአንድ የመዝሙር ጥራዝ ውስጥ፣ ከአዝማቹ በታች፣ ስለ ውሃ ቆጣሪ የተጻፈ አቤቱታ ሁለት መስመር ተገኘ። ሁሉም በላቲን፣ ሁሉም ቃል መሀል ትልልቅ ፊደል ያለባቸው። ሳገኛቸው የተሰማኝ ነገር ደስታ ነበር ብል አላፍርም፤ ድንጋይ ሥር የማላውቀው ተክል ያገኘሁ ያህል ሆነብኝ።

ይህ ግን አዬን አያድናቸውም። መስመሩ የት እንደሚሄድ ታወቀ እንጂ ሳጥኗ ለምን እንደምትዘልል አልታወቀም። ጋሼ አንድ የማይመለስ ክርክር ነበረው፤ እኔ ስተይብ አትዘልልም፣ እሱ ሲተይብ አትዘልልም፣ አዬ ሲቀመጡ ብቻ ነው የምትዘልለው።

ስለዚህ አዬን መመልከት ጀመርኩ። ጉልበታቸው ሳጥኗን ይነካት እንደሆነ ብዬ ከጠረጴዛው በታች የነበረችውን ወደ ላይ አወጣኋት፤ ቢሆንም ዘለለች። ገመዶቹን አጠባበቅሁ፤ ዘለለች። የብር አምባራቸውን አውልቀው እንዲሠሩ ለመንኳቸው፤ እየሳቁ አወለቁ፤ በማግስቱ ዘለለች። አንድ ነገር ብቻ ልብ አልኩ። ዝም ባለ ሰዓት አትዘልልም። ደንበኛ አጠገባቸው ቆሞ ሲቸኩል፣ ያውም ከወላይትኛ ወደ አማርኛ ሲዞሩ ነው የምትዘልለው። ይህን ለአዬ ስነግራቸው ሳጥኗም እንደ ሰው ችኮላ አትወድም አሉኝ፤ ሳቃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቦይናውን፣ ያው ጎዳሬውን፣ በዳጣ በልተን እንደጨረስን ሱቁ ጭር አለ። ጠየቅኋቸው።

"አዬ፣ አማርኛ ከመጀመርዎ በፊት መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?"

"ምን አደርጋለሁ? ወረቀቱን አያለሁ፣ እጀምራለሁ።"

"እስቲ ይጀምሩ። ሰው ቆሞብዎት እንደሚቸኩሉ አድርገው።"

ወረቀት አቀረቡ፤ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ወደ ጎን ሄዳ ካፕስ ሎክን ጠቅ ጠቅ አደረገችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሳጥኗ ጠቅ አለች። ስክሪኑ ጠቆረ። ልጅቷ መጣች። አዬ ዐይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ መተየብ ጀምረዋል።

"አዬ፣ አሁን ካፕስን ነኩት።"

"አካይ" አሉኝ በወላይትኛ፤ አይ ማለታቸው ነው። "አልነካሁም። ለምን እነካዋለሁ?"

ጣቷን እንደማያውቋት ያኔ ገባኝ። ወላይትኛ ሲጽፉ ርዕሱን ሁሉ በትልልቅ ፊደል ነው የሚጽፉት፤ ለዚያ ካፕሱን ይቆልፋሉ። ተቆልፎ ከቀረና አማርኛ ከጀመሩ ግን ተ ሁሉ ጠ፣ ቸ ሁሉ ጨ ይሆናል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት አማርኛ ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ጊዜ ነክተው ኪቦርዱ ላይ ያለችው የካፕሱ መብራት በርታ ስትጠፋ በዐይናቸው ጫፍ ያያሉ። ጠፍታ ካረፈች ደህና ነው። ከዘመን ብዛት ይህ ከራሳቸው ወጥቶ ወደ ጣታቸው ገብቷል። በር ዘግቶ የወጣ ሰው እጀታውን አንዴ ሳብ እንደሚያደርገው ነው፤ ዘጋህ ወይ ብትሉት አያስታውስም።

ራሴ ሞከርኩት። ካፕስን ቀስ ብዬ ሁለቴ ነካሁ፤ ምንም የለም። ፈጠን አድርጌ ሁለቴ ነካሁ፤ ጠቅ አለች፤ ኬላው መጣ። ደግሜ ነካሁ፤ ሽማግሌው መጣ። ሳጥኗ ለካ ከፊቷ ካለው ቁልፍ ሌላ ይህን ምልክትም ትሰማለች። እጅዎን ከኪቦርዱ ሳያነሡ ማርሽ እንዲቀይሩ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የነገረን ግን አልነበረም።

አዬ ሳሳያቸው መጀመሪያ አንገታቸውን አስግገው ጣቴን አዩ። ከዚያ እንደገና አሳዪኝ አሉ። አሳየኋቸው። እንደገና አሉ። ሽማግሌው፣ ልጅቷ፣ ኬላው፣ ሽማግሌው። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉና ትንሿን ጣታቸውን ከዐይናቸው አቅርበው እንደ እንግዳ ሰው መረመሯት።

"አንቺ ነሽ?" አሏት።

ሳቁ። ሳቁ ቆይቶ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ነጠላቸውን ፈለጉ። እኔ ወረቀት የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ለጋሼ የምነግረው እኔ መሆኔ አስጨነቀኝ። ሲመጣ የምለውን በልቤ ደጋግሜ አጥንቼ ነበር፤ ፊቴ ሲቆም ግን ግማሹ ጠፋኝና ካፕሱን ሁለቴ ነክቼ አሳየሁት። እሱም ራሱ ነካው። ተገረመ፤ ሦስቱን ኮምፒውተሮች ደጋግሞ አዞራቸው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ተሸሽጎ የቆየ ነው ብሎ ሳጥኗን መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ግን አገጩን ያዘ።

"ታዲያ ያው እሳቸው ናቸው የነኩት" አለ። "ሳጥኗማ ደህና ነበረች ማለት ነው።"

አዬ ቀና አላሉም። እኔ የሠርጉን ወረቀት አንሥቼ ዘረጋሁለት።

"ዐይናቸው ቢደክም ኖሮ የሚሳሳቱት ፊደል ነበር" አልኩ። "ይህን መስመር ይዩት፤ አንድም ፊደል አልተሳሳቱም። ጨውም በቦታው ነው። መስመሩ የገባበት ቤት ነው የተሳሳተው።"

ጋሼ ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው። ከንፈሩ ቃሉን እየተከተለ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ሲጨርስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁን ግን ቶሎ ዋጠው። ዋናው ነገር እንዳይደገም ነው አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድም መስመር ሌላ ቤት ካልገባ አዬ ከወንበራቸው አይነሡም፤ ከገባ ግን የመጀመሪያው ቃሉ ይጸናል። ሠርግ አስቆ አልፏል፣ ለቅሶ ላይ ቢነበብስ ብሎ ወጣ። እውነቱን ነው፤ የለቅሶ ወረቀትም እኛው ነን የምናትመው።

አዬ ጣታቸውን ሊያስተምሩ ቆረጡ። መጀመሪያ በፕላስተር ጠቀለሏት፤ ፕላስተሩ የኤ እና የዜድ ቁልፎችን አብሮ መንካት ጀመረ። ፈቱትና ጣቷን ወደ መዳፋቸው አጥፈው ሞከሩ። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ። ስለ ጣቷ ሲያስቡ ስለ ፊደሉ ማሰብ ጀመሩ፤ ስለ ፊደሉ ሲያስቡ እንደ እኔ ስክሪኑን አዩ፤ ስክሪኑን ሲያዩ መስመር ዘለሉ። በሕይወቴ የአዬን ጽሑፍ አርሜ አላውቅም ነበር፤ በዚያ ሳምንት በየገጹ አረምኩ። ጋሼ አንዱን ገጽ አንሥቶ አየና መልሶ አስቀመጠው። አሁን እውነትም ዐይኑ የደከመ ሰው ጽሑፍ ይመስል ነበር።

"ተይው ልጄ" አሉኝ አዬ። "ደብተር መሸጥም ሥራ ነው። ሰው እያየሁ እውላለሁ።"

ኪቦርዱን እያየሁ ተቀመጥኩ። ጣቷን ነው እስካሁን ስንታገል የቆየነው። ጣቷ ምን አደረገች? ዕድሜዋን ሙሉ ለጥንቃቄ የሄደችበትን መንገድ ነው የምትሄደው። መንገዱ መጨረሻ ላይ ምንም ባታገኝስ?

ቢሆንም ፈራሁ። ኪቦርዱ አንድ ነው። ብሰብረው ሽማግሌውም፣ ልጅቷም፣ ኬላውም አብረው ድዳ ይሆናሉ፤ ጋሼ ሱቅ ሌላ የሚሸጥ ኪቦርድ የለም። በእረፍት ሰዓት ሦስቱንም አጠፋሁ፤ ገመዱን ነቀልኩ፤ የምሳ ማንኪያችንን በእጀታው በኩል ካፕስ ሎክ ሥር አስገብቼ ቀስ አድርጌ ፈነቀልኩት። ቁልፉ ተፈናጥሮ አዬ ጭን ላይ ወደቀ። ከሥሩ ያለችውን ጎማም በወረንጦ አወጣኋት። መልሼ ሰካሁ፤ ሽማግሌውን አስነሣሁ፤ ሌሎቹን ቁልፎች አንድ በአንድ ነካኋቸው። ሁሉም ይሠራሉ።

"አሁን እንደ ድሮው ይተይቡ" አልኳቸው። "ምንም አያስቡ።"

ወረቀት አቀረቡ፤ ዐይናቸውን ተከሉበት። ትንሿ ጣት ወደ ጎን ሄደች፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሁለቴ ወረደች፣ ምንም አላገኘችም፣ ተመለሰች። ሳጥኗ ዝም አለች። አዬ ጣቷ እዚያ መውረዷንም አላወቁም፤ ጣቶቻቸው እንደ ጥንቱ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ መውረድ ጀመሩ። ገጹ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ሲያልቅ አነበብኩት፤ የማርመው አላገኘሁም።

ጋሼ በማግስቱ ፕሪንተር ወረቀት ሊያስገባ መጥቶ ኪቦርዱን አየ።

"ጥርሱ ወለቀ?" አለ።

"ያመመ ጥርስ ይነቀላል" አሉት አዬ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። "አንተም በልጅነትህ ሁለት ነቅለሃል፤ በካራሜላው።"

እኔን አየኝ። ፊቴ እንደ በርበሬ መቅላቱ ተሰማኝ። ማን ነቀለው ብሎ አልጠየቀም፤ ወረቀቱን አስገብቶ ወጣ።

አንድም መስመር ሌላ ቤት ሳይገባ ወሩ ያለቀ ዕለት ማንም ስለ ጉዳዩ አላነሣም። አዬ ያን ቀን ጠዋት ቀድመውኝ ገብተው ተቀምጠው ነበር፤ ነጠላቸውን ግን ወንበሩ ላይ አላንጠለጠሉም፤ ይነሡ ቢባሉ ቶሎ ለመነሣት ይመስላል ለብሰውት ነው የጠበቁት። ረፋዱ ላይ ጋሼ ወፍራም የእጅ ጽሑፍ ይዞ ገባ። የአንድ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጉባኤ ጥራዝ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ወላይትኛ፣ መሀል መሀሉ አማርኛ። እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ፤ እጄን ለመቀበል ዘረጋሁ። አልፎኝ ሄደና አዬ ፊት አስቀመጠው። ርዕሱ ረጅም ነው፣ ለዓርብ ይፈልጉታል አለ።

አዬ ነጠላቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ። ርዕሱ እውነትም ረጅም ነበር፤ ሁሉም በትልልቅ ፊደል የሚጻፍ። ካፕሱ ስለሌለ ሺፍቱን ይዞ መቆየት ያስፈልጋል፤ ሺፍቱን ሲይዙ ደግሞ ትንሿ ጣታቸው እዚያው ታስራ ትቀራለች፣ ሌሎቹም ይሰናከላሉ።

"ነይ ያዢልኝ" አሉኝ።

ወንበሬን ሳብኩና አጠገባቸው ተቀምጬ በአንድ ጣቴ ሺፍቱን ያዝኩላቸው። እሳቸው ዐይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ በዐሥሩም ጣታቸው መተየብ ጀመሩ። በቃ ሲሉኝ ለቀቅሁት።